ከቆጠራ የቀደመ ምርጫ፤ ሰሜንና ወገራ በ1950 ዓ.ም.

በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ስለ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ በሚናገርበት ክፍል አንድ ቁጥር ያስቀምጣል። አገሪቱ እያንዳንዳቸው በተቻለ መጠን 200,000 ነዋሪ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ ከእያንዳንዱ ክልልም ሁለት እንደራሴዎች ይመረጣሉ ይላል። ነዋሪው ከ30,000 ለበለጠ ከተማ ደግሞ ለብቻው አንድ እንደራሴ፣ ከዚያም በላይ ለሚገኘው ለየ50,000ው ነዋሪ አንድ ተጨማሪ እንደራሴ ይፈቅዳል። ይህን ድንጋጌ የሕግ ሰው ሲያነበው ስለ ውክልና መብት ያስባል። ቁጥርን ሙያው ያደረገ ሰው ሲያነበው ግን ወዲያው የሚመጣበት ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ 200,000ውን ማን ቆጠረው?

ማንም አልቆጠረውም። የኢትዮጵያ ሕዝብ በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጠረው በግንቦት ወር 1976 ዓ.ም. ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት ራሱ የተቋቋመው በ1953 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በመስከረም 1950 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የእንደራሴዎች ምርጫ ሲካሄድ የተቆጠረ ሕዝብ ቀርቶ የሚቆጥር መሥሪያ ቤት እንኳ አልነበረም። ስለዚያ ምርጫ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት የፖለቲካ ፓርቲ ባለመኖሩና የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ በመሆኑ ላይ ነው። ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ምርጫው የይስሙላ ነበር ብሎ በአንድ ቃል መዝጋቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣናቸውን ቢቀንሱና ፓርቲ ቢፈቀድ ኖሮ ሁሉ ነገር ይስተካከል ነበር የሚል የተሳሳተ ግምት ያሳድራል። ከሥር ሌላ ጉድለት ነበረ፤ እሱም የእኛ ሙያ ጉድለት ነው። ይህን ለማሳየት ከበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ሁለቱን ሰሜናዊ አውራጃዎች፣ ማለትም ዋና ከተማው ዳባት የነበረውን ወገራንና ዋና ከተማው ደባርቅ የነበረውን ሰሜንን መርጫለሁ። የሕጉ ቁጥርና የአገሩ መልክ ፊት ለፊት የሚጋጩት እዚያ ነውና።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ሰው አገሩን ያውቀዋል። የወገራ ሜዳ ገብስና ስንዴ እያበቀለ እስከ ዳባት ይዘልቃል፤ ከዳባት በኋላ አገሩ እየከፈታ ሄዶ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ማዶ መሬቱ ይከዳል። በስተሰሜን የሊማሊሞ ገደል ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል፤ በስተምሥራቅ ደግሞ ጃናሞራና በየዳ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚቆመው ወደ ራስ ደጀን ያቀናሉ። በ1950 ዓ.ም. በዚህ አገር የነበረው ዋና የመኪና መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከጎንደር በደባርቅና በሊማሊሞ በኩል ወደ ትግራይ የዘረጉት ነው። በዚያው መንገድ አፋፍ ወልቀፊት ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠውም በመስከረም ወር፣ በ1934 ዓ.ም. ነበር። ከዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ሁሉ የእግርና የበቅሎ ጎዳና ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በየዳ ለመድረስ ቀናት ይጠይቃል እንጂ ሰዓት አይበቃም።

እንዲህ ባለ አገር ላይ አንድ ሰው ካርታ ዘርግቶ 200,000 ነዋሪ የያዘ ክልል አካልል ቢባል ከየት ይጀምራል? ጥያቄው የአሽሙር አይደለም። የተጠየቁት ሰዎች ነበሩ፤ ሥራውንም ሠርተውታል። ሕገ መንግሥቱን ተከትሎ የወጣው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 152፣ የምዝገባና የምርጫ ቦርድ አቋቁሞ ይህን ኃላፊነት ጣለበት። መሥሪያ ቤቱ በእጁ የነበረው መሣሪያ የአገረ ገዥዎች ግምት ነበር።

ግምቱ ከየት እንደሚመነጭ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ አገር ሰው ማን እንደሚገዛው ለመወሰን ይቆጠር የነበረው ጦር እንጂ ሕዝብ አልነበረም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምና ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ተዋግተው ካሣ አሸነፉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የሰሜን ሕዝብ የመንግሥት ለውጥን እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው በዚህ መልክ ነው። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣውና በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን ሕገ መንግሥት አብነት አድርገው ያረቀቁት የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የተባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ቢያቋቁምም፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያውን አባላት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ ብሎ ነበር። ሹም ሹምን ሲመርጥ ቆጠራ አያስፈልግም። በ55 አንቀጾች የተዘጋጀው ያ ሕገ መንግሥት ስለ ነዋሪ ቁጥር ሳይጨነቅ መኖር የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው። 131 አንቀጾች ያሉት የ1948ቱ ግን ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ይመርጣል ብሎ ወሰነ። በዚያች ዕለት የሕዝብ ቁጥር የሕገ መንግሥት ጉዳይ ሆነ።

አንባቢ እዚህ ላይ የግብር መዝገብስ የለም ወይ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በብዙ አገሮች ከሕዝብ ቆጠራ በፊት የነበረው የቁጥር ምንጭ የቀረጥና የግብር መዝገብ ነውና። በደቡብና በምዕራብ ጠቅላይ ግዛቶች መሬቱ በጋሻ እየተለካ፣ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ተመድቦ ስለነበር ቢያንስ የባለመሬቱ ስም ይገኛል። በጌምድር፣ ጎጃምና ትግሬ ግን አልተለኩም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ለሌላው አገር በጋሻ ሲተምን፣ እነዚህ ሦስት ጠቅላይ ግዛቶች ከጠላት ወረራ በፊት ይከፍሉት የነበረውን ግብር እንዲከፍሉ ትቷቸዋል። ያ ግብር በአገር የተጣለ ድምር ነው። ጭቃ ሹሙ ከርስተኛው ሰብስቦ ያስገባል፤ መንግሥት የሚያውቀው የአገሩን ስምና የሚገባውን ብር እንጂ ከዚያ ድምር በስተጀርባ ያለውን ሰው አይደለም። አንድ አጥቢያ 60 ጎጆ ይኑረው 160፣ በጎንደር ያለው መዝገብ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ በሰሜንና በወገራ የግብር መዝገብን ወደ ነዋሪ ቁጥር መለወጥ ከባድ ነበር ማለት አይበቃም፤ የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ሕዝቡም መቆጠርን አይወድም። ይህን ስል የገበሬውን አላዋቂነት ለመተቸት አይደለም፤ ምክንያት ነበረው። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን የሰማው ነው። ንጉሥ ዳዊት እስራኤልን ባስቆጠረ ጊዜ በሦስት ቀን መቅሠፍት 70,000 ሰው እንዳለቀ በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈውን የደብር አገልጋይ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከብቱንም ልጁንም በቁጥር መናገር እንደ መዳፈር ይቆጠር ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ግን የዚህ ዓለም ነው። የመንግሥት ሰው ስም ሊጽፍ ሲመጣ ቀጥሎ የሚመጣው ግብር ሰብሳቢ መሆኑን ገበሬው ከአባቱ ተምሯል። ከምርጫው አሥር ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ መሬት ሊገመት ሲሞከር በጎጃም የተነሣው ዓመፅ ይህ ፍርሃት ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር አሳይቷል። በጎጃም የሆነው በሰሜን ሊሆን የማይችልበት ምክንያት አልነበረም፤ የርስቱ ሥርዓት አንድ ነውና። የመራጭነት ካርድ ለማግኘት ስሙን፣ ዕድሜውንና መኖሪያውን እንዲያስጽፍ የተጠየቀ የጃናሞራ ገበሬ ነገሩን ቢጠረጥር፣ እኔ በበኩሌ የማስተዋል ምልክት ነው እላለሁ።

ስለ ርስት ከተነሣ አይቀር ከሁሉ የሚያስገርመኝን አንቀጽ ላንሣ። ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው 25 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉ የሚኖርና በዚያው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የምርጫ ሕጉ ይህን ሲያብራራ የ1,000 ብር ግምት ያለው የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር ግምት ያለው ተንቀሳቃሽ ንብረት ብሎ ወሰነ። በአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያነበው ይህ መጠነኛ ገደብ ይመስላል። በአርሲ ወይም በሲዳሞ መሬቱ የሚሸጥና የሚለወጥ ስለሆነ አንድ ጋሻ ያለው ሰው ደብዳቤውን ይዞ ይቀርባል። በደባርቅስ?

በሰሜንና በወገራ ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቈጥሮ የሚጠይቀው የመጠቀም መብት ነው። ዛሬ የያዝኩትን ነገ ዘሩን ቈጥሮ የመጣ የሥጋ ዘመድ ሊካፈለኝ ይችላል፤ እኔም በበኩሌ በአምስት አጥቢያ የርስት ክርክር ሊኖረኝ ይችላል። ለባዕድ አይሸጥም። የማይሸጥ ነገር ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሌለውን ነገር ደግሞ 1,000 ብር ያወጣል ወይም አያወጣም ብሎ መመስከር አይቻልም። እንግዲህ ሕጉ ቃል በቃል ቢተረጎም፣ በዘር ሐረጉ ባለርስት ነኝ ብሎ የሚኮራው ነጻ ገበሬ ንብረቱን ማስመስከር ያቅተዋል፤ በደባርቅ ከተማ በቆርቆሮ የተሠራ ሱቅና ጨው፣ አቡጀዲ፣ ዘይት ያለው ነጋዴ ግን ያለ ችግር ያልፋል። ባለ ጉልቱም ያልፋል፤ ጉልት የተሰረዘው በ1958 ዓ.ም. ነውና በምርጫው ጊዜ ገና በሥራ ላይ ነበረ። ሹሙም ያልፋል፤ ንብረቱን የሚገምተው ባልንጀራው ስለሆነ። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ይህን ሆን ብለው አደረጉት ብዬ አልከስም። የንብረት ገደብ በኢትዮጵያ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ አውሮፓውያን ለረጅም ዘመን ሠርተውበታል። ነገር ግን ንብረት ማለት ተለክቶ ዋጋ የወጣለት ነገር ነው ከሚል አስተሳሰብ የመነጨ ገደብ፣ መሬት ተለክቶ በማያውቅበት አገር ላይ ሲጫን ሚዛኑ ይዛባል።

በአንድ ነገር ግን ሰሜን ከብዙ አገር የቀደመ ነበር ለማለት ይቻላል። በርስት ሕግ ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ትወርሳለች። ሕገ መንግሥቱም መራጩ ኢትዮጵያዊ ይሁን አለ እንጂ ወንድ ይሁን አላለም። በ1950ው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ወደ ምክር ቤት በመግባት የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነዋል። እርግጥ ነው፣ በአዲስ አበባ የሆነው በበየዳ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሕፃን ያዘለችና ውኃ የምትቀዳ ሴት ገደል ወርዳ ድምፅ ለመስጠት ስንት ጊዜ ታገኛለች ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሕጉ ቃል ግን ቀላል አይደለም። እንደኛው ተራራማ በሆነችውና ለሕዝብ አስተዳደር ምሳሌ ተደርጋ በምትጠቀሰው በስዊስ፣ ሴቶች ለብሔራዊው ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ የሰጡት ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር 1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጎረቤቷ ትንሿ ሊክተንሽታይን ደግሞ ለሴቶች ይህን መብት የሰጠችው እኛ የመጀመሪያውን የሕዝብ ቆጠራ ባደረግንበት በ1976 ዓ.ም. ነው።

ስዊስን ያነሣሁት ለዚህ ብቻ አይደለም፤ ለተነሣንበት ጉዳይ ከእርሷ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላገኘሁም። ስዊሶች ፌዴራላዊውን ሕገ መንግሥታቸውን እ.ኤ.አ. በ1848 ሲያጸድቁ ለየ20,000ው ነዋሪ አንድ እንደራሴ ብለው ወሰኑ። ምርጫው በዚያው ዓመት ሊካሄድ ሲሆን እነርሱም አዲስ ቆጠራ አልነበራቸውም፤ በእጃቸው የነበረው ከአሥር ዓመት በፊት የተሰበሰበ፣ ከካንቶን ካንቶን ጥራቱ የሚለያይ ቁጥር ነበር። በዚያ ላይ ተመሥርተው 111 እንደራሴዎች መረጡ። እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው ከእኛው ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከመንግሥቱ ሰባት አባላት አንዱ የነበረው የቲቺኖው ተወላጅ ስቴፋኖ ፍራንሺኒ፣ ስታቲስቲክስ ይወድ ስለነበረ፣ ምርጫው ካለፈ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 1850 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን በሙሉ አስቆጠረ። ቁጥሩ 2,392,740 ሆነ። በ20,000 ሲካፈል ወደ 120 ይመጣል። በ1851 በተካሄደው ሁለተኛ ምርጫ የምክር ቤቱ መቀመጫ 120 ሆነ። በአንድ ቆጠራ ምክንያት ዘጠኝ ወንበር ተጨመረ ማለት ነው። ወንበሩን ያመጣው ክርክር ወይም ዓመፅ ሳይሆን ማካፈል ነበር።

ተመሳሳዩን ስሌት በእኛው ላይ ብናደርግስ? በ1950 ዓ.ም. የተመረጡት እንደራሴዎች 210 ነበሩ። ለ200,000 ነዋሪ ሁለት እንደራሴ ከሆነ ለአንድ እንደራሴ 100,000 ይደርሳል፤ ለከተሞች የተመደቡትን ጥቂቶች ብንቀንስ አዋጁን ያስፈጸሙት ሰዎች የአገሩን ሕዝብ 20 ሚሊዮን ያህል አድርገው ወስደዋል ማለት ነው። ቆየት ብሎ የእንደራሴዎቹ ቁጥር ወደ 250 ከፍ አለ። በ1976 ዓ.ም. ሕዝቡ ሲቆጠር ግን ውጤቱ 42 ሚሊዮን ገደማ ሆነ፤ በወቅቱ በጦርነት ምክንያት ያልተደረሰባቸው አካባቢዎች በግምት ተጨምረውበት መሆኑን ሙያችን ስለሚያስገድደን እናስታውስ። ቁጥሩ ከዚያ ቀደም ይሠራበት ከነበረው ግምት በብዙ ሚሊዮን ይበልጥ ነበር። ጭማሪው ሁሉ ከ1950 ወዲህ የተወለደ ነው ለማለት አይቻልም፤ ከፊሉ ድሮም የነበረ፣ ግን ያልተቆጠረ ሰው መሆን አለበት። ያ ያልተቆጠረ ሰው የት ነበር ቢባል፣ የመኪና መንገድ ባልደረሰበትና መሬቱ ባልተለካበት አገር ነበር ብሎ መገመት ትክክል ይመስለኛል። ሰሜን ሁለቱንም ያሟላል።

ወደ መስከረም 1950 ዓ.ም. እንመለስ። በሰሜን መስከረም ማለት ክረምቱ በወጉ ያልወጣበት ወር ነው። ገብሱ አልታጨደም፤ በብዙ ቤት ጎተራው ተሟጥጦ የሚቀመሰው እህል ጥቂት ነው። ዝናቡ ቢያባራም ጉሙ የሊማሊሞን አፋፍ ይሸፍናል፤ ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች ገና ሙሉ ናቸው፤ ተከዜም እንደዚሁ። የድምፅ መስጫው ጊዜ በአገሪቱ በአንድ ቀን ያልተወሰነውና ለቀናት የተዘረጋው ለዚህ ዓይነቱ አገር ታስቦ ይሆናል። ነገር ግን ወሩ ራሱ የተመረጠው የአዲሱ ምክር ቤት መክፈቻ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በጥቅምት 23 ቀን እንዲሆን በሕገ መንግሥቱ ስለተደነገገ ይመስላል። የገበሬው የቀን መቁጠሪያ በዚህ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ለመስቀል ወደ ዘመድ የሚሄድ፣ በገበያ ቀን ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት የሚወጣ ሰው መንገዱን ከምርጫው ጋር አስተባብሮ ድምፁን ሊሰጥ ይችላል። ለብቻው ለድምፅ ሲል የሁለት ቀን መንገድ የሚሄደው ማን ነው? የሄደው፣ ጭቃ ሹሙ ና ያለው ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። ፓርቲ አልነበረም፤ ስለዚህ የተወዳዳሪው ስም ራሱ ፕሮግራሙ ነበር። በወገራና በሰሜን ደግሞ ስም ማለት ዘር ነው። የእገሌ ልጅ፣ በማይጨው ዘመን ከእገሌ ጋር የዘመተ፣ በአርበኝነት ጊዜ በበረሃ የቆየ ተብሎ ይጠራል። በዚያ አገር እነ ደጃዝማች አያሌው ብሩ በሽሬ ግንባር ያሰለፉት ጦር ትዝታ በምርጫው ጊዜ ገና የሃያ ዓመት ወሬ ነበር። ይህን የሚያፌዙበት ሰዎች አሉ። እኔ ግን መራጩ ከእነጭራሹ ያለ መመዘኛ መረጠ ማለት አይገባም እላለሁ፤ መመዘኛው ሌላ ነበር እንጂ። ሰውየውን፣ አባቱንና ያለፈ ሥራውን ያውቃል። ያላወቀው ነገር የተመረጠው ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ምን ለማድረግ ሥልጣን እንዳለው ነው።

በእርግጥም ሥልጣኑ ጠባብ ነበር። ሕግ የሚጸናው ንጉሠ ነገሥቱ ሲፈርሙበት ነው፤ ሚኒስትሮች በምክር ቤቱ አመኔታ አይሾሙም፤ የሕግ መወሰኛው አባላት በሙሉ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። ይሁንና የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ምንም አልሠራም ማለት ስሕተት ነው። በበጀት ጉዳይ ሚኒስትሮችን ይጠይቅ ነበር፤ ቀደም ሲል የጠቀስኩት የእርሻ ገቢ ግብር ረቂቅ በቀረበለት ጊዜም ተከራክሮበታል፤ ማሻሻያም አድርጎበታል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስነውን ረቂቅ አላሳልፍም ብሎ ይዞት ቀርቷል። ይህ የምክር ቤቱ ኃይል የታየበት ሥራ የጭሰኛው መጥፊያ መሆኑ ያሳዝናል፤ ግን የንብረት ገደቡ ማንን ወደዚያ አዳራሽ እንዳስገባ ለሚያስብ ሰው አያስደንቅም። ለሰሜን ገበሬ ይህ ክርክር የሩቅ ነበር። እሱ ርስተኛ እንጂ ጭሰኛ አይደለም፤ የርስተኛን ጭንቀት የሚመለከት ረቂቅም በዚያ አዳራሽ ብዙ አልተነሣም።

በየአራት ዓመቱ ይካሄድ የነበረው ምርጫ የመጨረሻው በ1965 ዓ.ም. ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ሲወርዱ ምክር ቤቱም ተዘጋ። በተከታዩ የካቲት ወር የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን፣ የንብረት ገደቡን ትርጉም የለሽ ያደርገው የነበረው ርስት ራሱ በሕግ ቀረ። ቀጥሎ የመጣው የምክር ቤት ምርጫ ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. የተደረገው የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ነው። 835 መቀመጫ የነበረው ይህ ሸንጎ፣ ዕጩዎቹ በፓርቲው ፈቃድ የቀረቡ መሆናቸው ሳይዘነጋ፣ ሕዝቡ ከተቆጠረ በኋላ የተመረጠ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ምክር ቤት ነበር። ከ42 ሚሊዮኑ ጋር ሲነጻጸር ለአንድ መቀመጫ 50,000 ሰው ይደርሳል። ውድድር የሌለበት ምርጫ በቁጥር ረገድ ከቀደመው የተሻለ መሠረት እንዲኖረው መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ነገሩን በግልጽ አሠረው። የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል፤ የምርጫ ክልሎችም በቆጠራው ውጤት ላይ ተመሥርተው የምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ሐሳብ መሠረት በፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወሰናሉ ይላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንደማይበልጡም ደንግጓል። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የተካሄደው ሁለተኛው ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አሳየ፤ በምክር ቤቱ 547 መቀመጫ ሲካፈል ለአንድ ተመራጭ 98,000 ገደማ ይሆናል። የአጋጣሚ ነገር ሆኖ ይህ ቁጥር የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከተመኘው 100,000 ጋር ይቀራረባል። በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሦስተኛው ቆጠራ 73.9 ሚሊዮን ሲያሳይ ያው ስሌት ወደ 135,000 ከፍ አለ። በዚሁ ቆጠራ የደባርቅ ወረዳ ብቻ ከ150,000 በላይ፣ የዳባት ወረዳ 145,000 ያህል ነዋሪ እንዳላቸው ታወቀ። ሁለቱ ወረዳዎች ሲደመሩ በ1948ቱ ሕግ አንድ ክልል ሊይዘው ከሚገባው 200,000 በ100,000 ይበልጣሉ፤ ጃናሞራ፣ በየዳ፣ አዲ አርቃይና ጠለምት ገና አልተጨመሩበትም።

ዳባትን ለሚያውቁ የሙያ ባልደረቦች አንድ ነገር ማስታወስ ሳያስፈልግ አይቀርም። በዚህ ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች፣ አሁን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆነው የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ አማካይነት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለ። መዝጋቢዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻን፣ መምጣትንና መሄድን ይጽፋሉ። ስሙን ማስጻፍ ያስፈራው የነበረው የወገራ ገበሬ የልጅ ልጅ፣ የተወለደበት ቀን በመዝገብ ከሠፈረላቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ገጠር ነዋሪዎች አንዱ ሆኗል። ይህ መዝገብ ስለ ሕፃናት ሞትና ስለ ሳንባ ነቀርሳ ለሚጠይቅ ተመራማሪ መልስ ይሰጣል። የምርጫ ክልል ለማካለል ግን አያገለግልም፤ የያዘው ጥቂት ቀበሌዎችን ብቻ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው አገር አቀፍ ቆጠራ ነው። የ1999ኙ ቆጠራ ከተካሄደ በኋላ ሌላ ቆጠራ ሳይደረግ የ2002፣ የ2007 እና የ2013 ዓ.ም. ምርጫዎች አልፈዋል፤ የመጨረሻው በተደረገበት በሰኔ 2013 ዓ.ም. በደባርቅም በዳባትም ዕድሜው ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሁሉ በየትኛውም አገር አቀፍ ቆጠራ ላይ አልነበረም።